ለሾፌሩ ራስ ምታት ሲባል ስለተከፈቱት ጠርሙሶች

ለተከበሩ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ ለእርስዎም ለመላው ቤተሰብዎም ሙሉ ጤና እመኛለሁ። የእኛን ጤና በተመለከተ፣ ጽሕፈት ቤትዎ ደህና መሆናችንን በማኅተም ስላረጋገጠልን፣ ከእንግዲህ ታመናል ብንል ማኅተም መድፈር ይሆንብናል።

እኔ ከተዘጋው ነዳጅ ማደያ ቁልቁል፣ አጥሩ ሥር ፀጉር ቤት ያለኝ፣ ከጀርባውም ከሴት ልጄና ከጨቅላ ልጇ ጋር የምኖር ሰው ነኝ። የማደያው ባለቤት ሲሄድ ቆርቆሮውን ሳይቀር ነቅሎ ሲወስድ፣ መሬት ውስጥ የተቀበረውን ታንከር ግን ለእኛ ተወልን። ታንከሩም ዝጎ ተበሳና የያዘውን ነዳጅ ሳይሰስት ለውሃ ጉድጓዳችን አካፈለ። በዚህ ውሃ ራሱን ያጠብኩት ደንበኛ ሲጋራውን የሚለኩሰው መንገድ ተሻግሮ ነው እያልን እንስቅ ነበር። የልጅ ልጄ ገላ ቀልቶ መላላጥ ሲጀምር ሳቃችን ቆመ። የጤና ጣቢያዋ ነርስም ከዚህ ውሃ ጠብታ እንዳይነካት ብላ አስጠነቀቀችን።

አቤት ብንል ሰሙን፤ ንጹሕ ውሃ የሚያመጣ ቦቴና አጣሪ ቡድን ላኩልን። ለዚህ ከልቤ አመሰግናለሁ። ቀጥሎ ያሉት ምስጋናዎች ግን ሌላ ዓይነት ናቸው።

አንደኛ፣ ባለሙያዎችዎ አፈሩን የቆፈሩት ከታንከሩ በላይ፣ ዳገቱ ላይ ጥላ ካለበት ስለሆነ አመሰግናለሁ። ነዳጁ የፈሰሰው ቁልቁል ወደ እኛ ቢሆንም፣ በእኛ በኩል ጭቃ ነበረና ለጫማ አይመችም።

ሁለተኛ፣ የጉድጓዱን ውሃ ግን በወጉ ቀድተዋል፤ ባልዲውን የሳብኩላቸው እኔ ነኝ። ጠርሙሶቹን እስከ አፋቸው ሞልተው፣ ክዳናቸውን አጥብቀው መኪና ውስጥ ካስገቡ በኋላ ሾፌሩ «ሽታው ራሴን አዞረኝ፣ እንዲህ ሆኜ አልነዳም» አለ። አልፈርድበትም፤ እኛንም ያዞረናል። ባለሙያዎቹም አዘኑለትና ሽታው እንዲወጣ ጠርሙሶቹን ከፍተው ደጄ ባለው አግዳሚ ላይ ለፀሐይ ደረደሯቸው፤ እስከዚያው እኔ ዘንድ ተራ በተራ ጢማቸውን ተላጩ። ፊታቸውን የታጠቡት ይዘውት በመጡት የታሸገ ውሃ ነው። ሽታው እንዲወጣ ፈልገው ነበር፤ ወጣላቸው። ከዚያ ክዳኑን መልሰው ገጠሙና ሄዱ።

ሦስተኛ፣ ቤተ ሙከራው ውሃው ውስጥ ነዳጅ አጣ። ደጄ ላይ ተንኖ ያለቀውን እሱ ከየት ያምጣው? ለመጠጥ ተስማሚ ነው የሚል ሪፖርት ወጣ፤ በማግስቱም ቦቴው ቀረ። ልጄ ሕፃኗን በምን እንደምታጥብ ልትጠይቅ ቢሮዎ ብትመጣ፣ የመዝገብ ቤት ሠራተኛዋ «እናቴ፣ የእናንተ ውሃ እኮ ከእኛ ቤት ቧንቧ ይሻላል» ብላ ሸኘቻት። ልጄ መንገዱን ሙሉ ስታለቅስ መጣች። ክቡርነትዎ፣ አክብሮቴን ሳላጓድል አንጀቴ መቃጠሉን ብነግርዎ ቅር እንዳይልዎ።

ልመናዬ አጭር ነው፤ ውሃው እንደገና ተቀድቶ፣ ክዳኑ እስከ ቤተ ሙከራው ድረስ ሳይከፈት ይመርመር፣ ውጤቱ እስኪታወቅም ቦቴው ይመለስልን።

ማኅተምዎ ካጸዳው ጉድጓድ አፍ ላይ ቆሜ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣
አጥር ሥር ያለው ፀጉር አስተካካይ

ማስታወሻ፦ ከዚሁ ጉድጓድ የተቀዳ አንድ ጠርሙስ ውሃ ከደብዳቤው ጋር ልኬልዎታለሁ። የሚያደርስልዎ ያው ሾፌር ነው፤ ክዳኑን እንዳይነካ አስምዬዋለሁ። ሪፖርትዎን የሚያምኑት ከሆነ፣ በዚህ ውሃ ማጠቡን በቤትዎ ካለ ሕፃን ገላ ይጀምሩ። አንድ ጠርሙስ ካልበቃ ይላኩብኝ፤ ባልዲውን እኔው እስባለሁ።