በእኔ ወረቀት ላይ ያንቺ እጅ

ውድ ልጄ፣

ስልክሽን ያላነሳሁት ስላልሰማሁት አይደለም። ሰምቻለሁ። እናትሽ ከጓዳ ሆና "እሷ ናት፣ አንሳው እንጂ" ስትለኝም ሰምቻለሁ። ስናደድ ምላሴ እንደሚተሳሰር ታውቂያለሽ፤ ከታመምኩ ወዲህ ደግሞ ብሶበታል። በስልክ ብጀምረው ግማሹን ውጬ፣ ግማሹን ተንተባትቤ፣ መጨረሻ ላይ አንቺ ታለቅሺና እኔ "ተይው በቃ" እልሻለሁ። በቃ ማለት አልፈለግኩም። ስለዚህ እጽፍልሻለሁ፤ አንቺም እስከ መጨረሻው ታነቢዋለሽ።

ስትሮኩ ቀኝ እጄን ሲወስደው ምን ይዞ እንደሄደ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፀጉር የቆረጥኩበት እጅ ነው። አንቺ ራስሽ ያደግሽው እዚያ ፀጉር ቤት፣ አግዳሚው ላይ የቤት ሥራሽን እየሠራሽ ነው። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ ሰው የማይሠራልኝ ነገር ጠፋ። የሸሚዜን ቁልፍ እናትሽ ትቆልፍልኛለች። የጫማዬን ክር ወንድምሽ ያስርልኛል። ጢሜን እንኳ፣ የፀጉር አስተካካዩን ጢም፣ የሚላጨኝ ወንድምሽ ነው፤ አገጬ ሥር ሁልጊዜ ይስታል፣ እኔም በግራ እጄ ዳብሼ አልፈዋለሁ። ሥጋ እንደ ሕፃን ተቆራርጦ ይቀርብልኛል። ጠዋት ከአልጋዬ ሳልወርድ "አንተ ተቀመጥ" መባል ይጀመራል።

ያን የውሃ ቀለም ሳጥን ይዘሽ የመጣሽ ቀን ግን "ተቀመጥ" አላልሽኝም። "ና ሞክር" አልሽኝ። ለዚያ አመሰግንሻለሁ፤ አሁንም ቢሆን ምስጋናዬን መልሼ አልወስድም። ወረቀቱን በአራቱም ጠርዝ በፕላስተር ከጠረጴዛው ጋር አጣበቅሽልኝ። ሁለት ብርጭቆ ውሃ አስቀመጥሽ፤ አንዱ ብሩሽ ማጠቢያ፣ አንዱ ንጹሕ። "መጀመሪያ ወረቀቱን አርጥበው፣ ከዚያ ቀለሙን ከላይ አስነካውና ውሃው ራሱ ያውርደው" አልሽኝ። በግራ እጄ አስነካሁት። ሰማያዊው ሸሽቶ ጥግ ላይ ተጠራቀመና ቁስል መስሎ ደረቀ። ላስተካክለው ብዬ በብሩሹ ብመላለስበት ወረቀቱ ተላጠ። ያኔ ምን አልሽኝ? "አባዬ፣ የውሃ ቀለም መነካካት አይወድም። ከተበላሸ ተበላሸ፤ ሌላ ወረቀት አንሳ።" ይሄ ከራስሽ አፍ ነው የወጣው።

ሌላ ወረቀት አነሳሁ። ከዚያም ሌላ። ሦስት ወር ሙሉ፣ ጠዋት ፀሐይ በመስኮት ስትገባ፣ ያን የጓዳውን ሰማያዊ የፕላስቲክ ጆግ የመስኮቱ ደፍ ላይ አስቀምጬ እሱኑ ስሥል ከረምኩ። እናትሽ "ውሃ ልቀዳበት ነበር፣ ይቺን እመቤትህን ትለቅልኛለህ?" እያለች ትቀልድብኛለች። ሃያ ሦስት ጆግ ሣልኩ። አንዱ ድንች ሆኖ ቀረ። አንዱ ጀርባውን የሚያሳክከው ሰው ይመስላል። ሃያ አራተኛው ላይ ጥላው መጣልኝ። ከአፉ ሥር ደምቆ ጀመረና ወደ ሆዱ እየሳሳ፣ እየሳሳ፣ የትም ሳይቋረጥ ወረደ። እጀታው አልተገናኘም፤ ወረቀቱ ቀድሞኝ ደርቆ ነበር። አፉም ተንጋዷል። ቢሆንም ክርኔን የደገፈልኝ ሰው አልነበረም። ከታመምኩ ጀምሮ በዚህ ቤት ብቻዬን ጀምሬ ብቻዬን የጨረስኩት ነገር ቢኖር እሱ ነው። የነካሽብኝ እሱን ነው።

በሳምንት ሦስቴ የምመላለስበት ማገገሚያ ማዕከል የታካሚዎችን ሥራ ኮሪደር ላይ ሊሰቅል ነው ሲባል፣ "ስጠኝ፣ ፍሬም ላስገባልህ" ብለሽ ዐርብ ዕለት ወሰድሽው። እሑድ ለትርዒቱ ስንሄድ መስታወት ለብሶ ተሰቅሏል። ከሩቅ ሳየው ደስ አለኝ። ከዚያ ቀረብኩ። እጀታው ተገናኝቷል። አፉ ክብ ሆኗል። ሆዱ ላይ ደግሞ ነጭ ብርሃን ቁጭ ብሏል። ልጄ፣ የእኔ ሳጥን ውስጥ ነጭ ቀለም የለም። "ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነው" ብለሽ ነጩን ከሳጥኑ ያወጣሽው አንቺ ነሽ።

ዞር ብዬ ሳይሽ ስልክሽን ትነካኪያለሽ።

ያ ጡረተኛ ዳኛ፣ ሃያ ዓመት ፀጉሩን የቆረጥኩት ደንበኛዬ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ ወደ መስታወቱ ጠጋ አለ። "በግራ እጅህ ነው ይሄን? ብርሃኑን እንዴት አድርገህ አመጣኸው?" አለኝ። ሰው ከቦኛል። እናትሽ በኩራት ክንዴን ይዛለች። ምን ልበል? "እንዲሁ መጣልኝ" አልኩት። ዋሸሁ። ወንበሬ ላይ ለተቀመጠ ሰው ፀጉሩ ሲሸሽ "እየሳሳ ነው" ብዬ ፊት ለፊት የምነግር ሰው፣ አንቺን ላለማጋለጥ ብዬ ሰው ፊት ዋሸሁ። ዳኛው ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ።

እስካሁን ያልኩት ኩራቴን የነካ ነው፤ ኩራት ደግሞ ቻል ይደረጋል ትዪ ይሆናል። የባሰው ማክሰኞ መጣ። እጄን የምታሠራኝ ፊዚዮቴራፒስት ፋይሌን ይዛ፣ ፊቷ በርቶ፣ "ጋሼ፣ እንደዚያ ከሣሉማ ግራ እጅዎ ጎበዝ ሆኗል። በሳምንት ሦስቴ መመላለስ ምን ያደርግልዎታል? በወር አንዴ ይበቃዎታል፤ ቦታዎን ተራ ለሚጠብቅ ሰው እንሰጠዋለን" አለችኝ። የሥዕሉን ፎቶ ፋይሌ ውስጥ አያይዛዋለች። ገባሽ? ያንቺን እጅ አይታ ነው እኔን ያሰናበተችኝ።

ቤት ገብቼ ለእናትሽ ነገርኳት። "ለልጅቷ ስትል ዝም በል፣ ታፍራለች" አለችኝ። አላስቻለኝም፣ ደወልኩልሽ። አልካድሽም፤ እሱስ ደግ ነው። ግን ምን አልሽኝ? "አባዬ፣ ሰው እንዳይስቅብህ ብዬ እኮ ነው።" ጆሮሽ ላይ የዘጋሁብሽ ያኔ ነው።

እስቲ አንድ ነገር ላስታውስሽ። ዐሥር ዓመትሽ ነበር። ፀጉር ቤቱ ጭር ያለበት ከሰዓት፣ "እኔም ልቁረጥህ" ብለሽ ሙጭጭ አልሽ። ተቀመጥኩልሽ። ማሽኑን ከጆሮዬ በላይ አስገብተሽ እስከ አናቴ ድረስ መንገድ ቀደድሽበት። ባልደረባዬ ሆዱን ይዞ ከሳቀ በኋላ "ና ላስተካክልልህ፣ ይሄን ራስ ያየ ማን ፀጉሩን ይሰጥሃል?" አለኝ። እምቢ አልኩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በዚያ ራስ ሥራ ገባሁ። ደንበኛ በመስታወት እያየኝ ሲስቅ "ልጄ ናት የቆረጠችኝ፣ የመጀመሪያዋ ነው" እላለሁ። ሳቁብኝ። ሞትኩ እንዴ? የማፍርብሽ ብሆን ያኔ ባፈርኩብሽ ነበር።

አንቺ ግን አፈርሽብኝ። ሌላ ስም አትፈልጊለት። እወድሃለሁ እኮ ትዪኛለሽ፤ አውቃለሁ። እየወደድሽኝ አፈርሽብኝ፤ ያንገበገበኝም እሱ ነው።

ሐሙስ ዕለት ሃያ ሦስቱን ወረቀት በፌስታል ይዤ ማዕከሉ ሄድኩ። ፊዚዮቴራፒስቷ ጠረጴዛ ላይ ዘረገፍኩላት።

"ኮሪደር ላይ ያለው፣ ግማሹ የእኔ አይደለም" አልኳት።

"የማን ነው ታዲያ?"

"የልጄ።"

አንድ በአንድ አገላብጣ አየቻቸው። ድንቹ ጋ ስትደርስ ከንፈሯን ነከሰች፤ ሳቋን እንደያዘችው አውቄባታለሁ፣ ምንም አልመሰለኝም። ከዚያ ወረቀት፣ ቀለምና ውሃ አቀረበችና "እዚሁ ይሣሉልኝ" አለች። ያንኑ ጆግ በቃሌ ሣልኩላት። አፉ ተንጋደደ። እጀታው አሁንም አልተገናኘም። ጥላው ግን ወረደ። እሷ ለካ ወረቀቱን አይደለም የምታየው፤ እጄን ነው። አንጓዬን በሁለት ጣቷ ያዝ አድርጋ "እዚህች ጋ ይቆማል" አለች። "እጀታው ጋ ሲደርሱ መዞር ያቅተዋል። ገና ብዙ ይቀረናል፣ ጋሼ። ይሄን ሳላይ ነበር የሸኘሁዎት።" ሦስቱን ቀኔን መለሰችልኝ። ስወጣ ደግሞ፣ በቁጣም አይደለም፣ "ቤተሰብ ብዙ ጊዜ እንዲህ ያደርጋል። ለታማሚው ሲያዝኑ እኔን ዓይኔን ይሸፍኑኛል" አለችኝ።

ለዳኛውም ደውዬ እውነቱን ነገርኩት። "ጥላውስ?" አለኝ። "ጥላው የእኔ ነው" አልኩት። "እኔም ዓይኔ ያረፈው እሱ ላይ ነበር" አለ። እውነቱን ይሁን ሊያጽናናኝ፣ እንጃለት። ደስ ግን ብሎኛል።

ፍሬሙን አውርጄዋለሁ፤ ወንድምሽ ያመጣልሻል። አንቺ ጋ ይቀመጥ፣ ስምሽን ጻፊበት። በቦታው የሐሙሱን በፕላስተር ለጥፌያለሁ።

እዚህ ቤትም ሕግ ወጥቷል። ከአሁን በኋላ ሳልጠይቅ ማንም ቁልፌን አይቆልፍም፣ የጫማዬን ክር አያስርም። እናትሽ "አንተ ቆልፈህ እስክትጨርስ እኮ ምሳው ይቀዘቅዛል" አለች። "ይቀዝቅዝ" አልኳት። አኩርፋ ነበር፤ ትናንት ግን በሩ ላይ ቆማ አምስቱንም ቁልፍ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

ቁጣዬ አልበረደም፤ በርዷል ብልሽ እንደገና መዋሸቴ ነው። ሆኖም ቅዳሜ ነይ። ይቅርታ እየደጋገምሽ ጆሮዬን አታድክሚው። ወረቀት ወጥሬ እጠብቅሻለሁ። በግራ እጅሽ ትሥያለሽ፣ የፈለግሽውን። እኔ አጠገብሽ ወንበር ስቤ እቀመጣለሁ። ቀለሙ ሲሸሽብሽ አያለሁ፤ ሊያስቀኝም ይችላል። አልነካልሽም።

አባትሽ