ስለ ታጠበው ግራሞፎንና ከዶሮ ቤት ስለ መጣው ግራሞፎን

ለአሮጌ ዕቃዎች ምርመራና ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ
ባሉበት

ቀን፦ መጋቢት 4

ጉዳዩ፦ እውነተኛውን ግራሞፎን ቅጂ፣ ቅጂውን እውነተኛ ያደረገው ውሳኔ እንደገና እንዲመረመርልኝ ስለመጠየቅ

«አመልካች ያቀረቡት ግራሞፎን ጡሩምባው የሚያብረቀርቅ፣ ሳጥኑ አቧራ የሌለበት፣ ጠረኑም የሳሙና በመሆኑ በቅርብ ጊዜ የተሠራ ቅጂ መሆኑ በባለሙያ ተረጋግጧል። ለሳሎን ጌጥነት ግን ያገለግላል።»

ይህን ቃል በቃል የገለበጥኩት ጽሕፈት ቤትዎ የካቲት 26 ቀን ከሰጠኝ ደብዳቤ ነው። አንድ ፊደል አልጨመርኩም። የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማን እንደጠየቃችሁ ግን እስካሁን አልገባኝም።

እኔ በዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ተምሬ ላለፉት ሃያ ስድስት ዓመታት የገበያ ሚዛን ስመረምር የኖርኩ ሰው ነኝ። አንድን ሚዛን አታላይ ነው የምለው ፈትቼ ካየሁት በኋላ ነው። ስላማረ አልጥለውም፤ ስለቆሸሸም አላምነውም። ከክቡርነትዎ መሥሪያ ቤት የምጠብቀውም ከዚህ የበለጠ አይደለም። ፍሬ ነገሩን እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

1. ግራሞፎኑ የሟች አባቴ ነው። አባቴ ፀጉር አስተካካይ ነበር። ተራ የሚጠብቅ ደንበኛ እንዳይሰለች ብሎ ይህን ዕቃ፣ ያኔም አሮጌ የነበረውን፣ ገዝቶ ከሱቁ መስኮት አጠገብ አስቀመጠው። አርባ አንድ ዓመት እዚያው ዘፈነ። እናቴ ከመንገዱ ማዶ ልብስ ትሰፋ ነበርና አንድ ቀን «ወይ ሸክላውን ቀይረው፣ ወይ ሱቁን ዝጋው!» ልትለው ገብታ በዚያው ቀረች። እኔና እኅቶቼ የዚያ ቅሬታ ውጤቶች ነን። ስለዚህ በእኛ ቤት ቅሬታ ማቅረብ ከንቱ ሆኖ አያውቅም።

2. ጽሕፈት ቤትዎ መጋቢት 18 ቀን በሚከፍተው ዐውደ ርእይ ለአንድ ግራሞፎን ብቻ ቦታ እንዳለ፣ ከሥሩም የመጀመሪያው ባለቤት ስምና ሙያ በካርድ እንደሚጻፍ አስታውቋል። እናቴ ሰማንያ ሦስት ዓመቷ ነው። ያንን ካርድ ለማንበብ አዲስ መነጽር አሠርታለች፤ የምትለብሰውን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አስተኩሳለች። ደብዳቤውን ከመዝገብ ቤት ራሴ ሄጄ ስለወሰድኩ ውሳኔውን አታውቅም። «ምን አሉ?» ስትለኝ «ገና እያዩት ነው» እላታለሁ። በሃምሳ አራት ዓመቴ እናቴን መዋሸት የጀመርኩት በእናንተ ምክንያት ነው።

3. ባለሙያው የካቲት 19 ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ቤቴ መጡ። እናቴ «እልፍ በል እንጂ ልጄ፣ ምነው በር ላይ?» ብላ ተቀበለቻቸው። በጡሩምባው ውስጥ ፊታቸውን ተመልክተው ክራቫታቸውን አስተካከሉ። ሳጥኑን አሸተቱ። ጻፉ። በእጅ ሰዓቴ አራት ደቂቃ ነው። ካቻቢቴ አልያዙም፤ ሞላውን አላጠበቁም፤ ሸክላ አላስቀመጡም። ሐኪም የበሽተኛውን ኮት ብቻ አይቶ «ጤነኛ ነህ» ቢለው እንዲህ ነው።

4. ሐቁን መደበቅ ሙያዬ አይፈቅድልኝም። ሳሙናው የእኛ ነው። በዋዜማው እኔ ሥራ ላይ ሳለሁ እናቴ ጡሩምባውን በሎሚና በአመድ፣ ሳጥኑን በሳሙና ፈግፍጋ የስንት ዘመን ጥቁረት በአንድ ከሰዓት አጥባ ጨርሳለች። «እንግዳ ሲመጣ ዕቃውም ፊቱን ይታጠባል» ነው ያለችኝ። ከብሎኖቹም አንዱ ራሱ ላይ የመስቀል ቅርጽ ያለው አዲስ ብሎን ነው፤ ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት የቀየርኩት እኔ ነኝ፤ አጥፍቻለሁ። የቀሩት አሥራ ሦስቱ ግን ባለ አንድ ሰረዝ ናቸው። ባለሙያው አንዱንም አልቆጠሩም።

5. አሁን ወደ ዶሮ ቤቱ እመጣለሁ። ለዐውደ ርእዩ «እውነተኛና ጥንታዊ» ተብሎ የተመረጠው ግራሞፎን የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ንብረት ነው። ይህን ዕቃ ከሦስት ዓመት በፊት ከአንድ የሆቴል ጌጣጌጥ መደብር ሲገዛው ካርቶኑን ሦስት ፎቅ የተሸከምኩት እኔ ነኝ። ፕላስቲኩን የቀደድኩት እኔ ነኝ። የአጠቃቀም መመሪያውን ጮክ ብዬ ያነበብኩለትም እኔው ነኝ። ሚስቱ ድምፁ ሲያስመርራት ወደ ዶሮ ቤት አስወጣችው፤ አንድ ክረምት ዘነበበት፤ አንዲት ዶሮም ጡሩምባው ውስጥ ሰባት ጫጩት ፈለፈለች። የምስክር ወረቀታችሁ «በጡሩምባው ውስጥ የተገኘው ጭድ ዕቃው ለረጅም ዘመን በገጠር ማገልገሉን ያመለክታል» ይላል። ጭዱ የዶሮዋ መኝታ ነው። የሚመለከተው አካል ዶሮዋን መጠየቅ ይችላል፤ በሕይወት አለች።

አማቼ ዕቃውን ያመጣው ለቀልድ ነበር። ማረጋገጫውን ካገኘ ወዲህ ግን ራሱም አምኖታል። ባለፈው እሑድ በምሳ ሰዓት፣ በሰው ፊት፣ «ጋሼ፣ አይዘኑ፤ የእርስዎ ለሳሎን፣ የኔ ለታሪክ!» አለኝ። እናቴ «ምን ማለቱ ነው?» ስትል ወጥ ትን አለኝ ብዬ ተነሣሁ። ባለቤቴ «ሁለታችሁም አርፋችሁ ብሉ» ከማለት በቀር እስካሁን አቋም አልወሰደችም።

6. እውነተኛውን ከቅጂው መለየት አስማት አይደለም። የአባቴ ግራሞፎን ሙሉ ሞላ ሲሰጠው በደቂቃ ሰባ ስምንት ጊዜ ይዞራል፤ ሦስት ጊዜ ቆጥሬዋለሁ። የአማቼ በስድሳና በመቶ መካከል ደስ ባለው ይዞራል። የእኛ ሳጥን በግራ ጠርዙ ላይ ጎድጎድ ብሏል፤ አባቴ በቀኝ እጁ ሞላውን ሲያጠብቅ ግራ መዳፉን የሚያሳርፍበት ቦታ ነው። ሳሙና መዳፍን አያጠፋም። የአማቼ ሳጥን የተበላው በዶሮ ጥፍር ነው።

ከሁሉም የሚበልጠው ማስረጃ ሸክላው የሚቀመጥበት ሳህን ሥር ነው። ሳህኑን አንሥቼ አይቻለሁ፤ አልነካሁትም። በደረቀው የሞተር ቅባት ላይ የአርባ አንድ ዓመት ፀጉር ተጣብቆ አለ፤ ጥቁር፣ ሽበት፣ አንዳንዱም የሕፃን። አባቴ ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ እጁን ሳይጠርግ ሞላውን ያጠብቅ ነበር። ይህን የሚሠራ ፋብሪካ የለም። ምናልባት የክቡርነትዎ አባት ፀጉርም እዚያ ይኖር ይሆናል።

ስለዚህ፦

ሀ. ካቻቢቴ የያዙ ሌላ ባለሙያ ተልከው ሁለቱም ግራሞፎኖች ተከፍተው እንዲመረመሩ፤

ለ. እስከዚያው የዐውደ ርእዩ ካርድ እንዳይታተም፤ ሲታተምም «ፀጉር አስተካካይ» የሚለው በትልቁ እንዲጻፍ፤

ሐ. መልሱ በጽሑፍ እስከ መጋቢት 14 ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ድረስ እንዲደርሰኝ በአክብሮት አመለክታለሁ። «ገና እያየነው ነው» የሚል መልስ አልቀበልም፤ እርሱን እኔው ለእናቴ እየሰጠሁ ነው።

መልሱ ወደ ቤቴ ይላክ፤ እናቴ ከሁለት ሳምንት ጀምሮ የምትጠብቀው ደብዳቤ ነው። ቀድማ የምትከፍተውም እርሷ ናት። በመሆኑም ስለ ሳሙናው አንድ ቃል እንዳይጻፍ፤ ጥፋቱ የእርሷ መሆኑን እንድታውቅ አልፈልግም። ከሳህኑ ሥር ስላለው ፀጉርም እንዳይነሣ፤ ከሰማች እስከ ማታ አይቆይም። በተለይ ደግሞ ባለሙያው የሚመጡበት ቀን በደብዳቤው ላይ እንዳይጠቀስ፣ ለእኔ ብቻ በመሥሪያ ቤቴ ስልክ እንዲነገረኝ አጥብቄ እጠይቃለሁ። ዋዜማውን ካወቀች ሎሚ ትገዛለች።

ከጎደለ ፍርድ፣ ካልጎደለ ሰላምታ ጋር

(ፊርማ)
የፀጉር አስተካካዩ ልጅ፣ የሚዛን መርማሪ