ዩኒቨርሲቲ ያጠናው ጣት

ውድ ኢልሀም፣

አሰላሙ ዐለይኩም። «ውድ» ያልኩሽ መምህርት ፋዲላ ደብዳቤ በዚህ ይጀመራል ስላለች ነው፤ ከሽንኩርት በቀር ለማንም ብዬው አላውቅም። ይህን ደብዳቤ የጻፍኩት እኔ ራሴ ነኝ። ማንም አልጻፈልኝም። ሁለት ጊዜ የምነግርሽ እዚህ አገር የሚያምነኝ ስለጠፋ ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት። ይኸው ሦስተኛ።

ከረሳሽኝ፣ ባለፈው ጥቅምት የቁማርተኛን ጠባይ ልታጠኚ ሸዋ ሮቢት መጥተሽ፣ ዮናስ ቤቲንግ ቤት ውስጥ ሦስት ቀን ያነጋገርሽኝ ነጅሙዲን ነኝ። ከማራገቢያው ሥር ቀይ ወንበር ላይ የሚቀመጠው። የተውሽልኝ ወረቀት ላይ «ተሳታፊ 17» ብለሽኛል። አሁን ማንበብ ስለምችል አየሁት። ትንሽ ቅር አለኝ። በዚህ ከተማ ከእኔ የሚቀድም አሥራ ስድስት ሰው ከየት አገኘሽ?

የማታ ትምህርት የተመዘገብኩት አንቺ በሄድሽ ሳምንት ነው። የልጆች ወንበር ላይ ጉልበቴ አገጬን እየነካ ስድስት ወር ተማርኩ። አሥራ ዘጠኝ ነበርን፣ አንደኛ ወጣሁ። ሁለተኛ የወጣችው ሴትዮ መነጽር ቢኖራት ኖሮ ትበልጠው ነበር የሚሉ አሉ። ወሬኛ የማይኖርበት ቦታ የለም።

ለምን እንደተመዘገብኩ ግን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ያን የፈቃደኝነት ቅጽ አንብበሽልኝ ጣቴን ቀለም አስነክቼ ሳትም፣ እንድትስቂብኝ እየጠበቅኩ ነበር። ሰው ሳይስቅብኝ በፊት እኔው ማሳቅ ልማዴ ስለሆነ፣ «ቀስ! ይህ ጣት ስንቱን ሀብታም ያደረገ ነው» አልኩሽ። አልሳቅሽም። «ጋሼ ነጅሙ፣ ያልገባዎት ነገር ካለ ደግሜ ላንብብልዎት» አልሽኝ። ብትስቂብኝ ይቀለኝ ነበር።

እና አሁን በራሴ እጅ ያን ጊዜ የዋሸሁሽን ላቅና።

ስለ ጣቴ የነገርኩሽ፣ በሕልሜ ነጭ ፈረስ መጥቶ ምናምን ያልኩሽ፣ የለም። እዚያ ቤት ጠራጊ ነበርኩ። አንድ ቀን አንድ የማሾ ነጋዴ የኳስ ጨዋታውን ዝርዝር ይዞ ሲያማርጥ ሰለቸኝና፣ «አንተ አውቀህ የት ደረስክ? ማንበብ የማይችል ሰው ይምረጥልህ» ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ጣቴን አሳረፍኩበት። ቀናው። በማግስቱ አምስት ሰው መጣ። ፊደል ያላበላሸው ጣት ነው፣ አያዳላም፣ የሚመራው አላህ ነው ተባለ። ዮናስ መጥረጊያውን ተቀብሎኝ ወንበር ሰጠኝ።

ጎረቤታችን ጋሼ አብዱልመሊክ አንድ ጁምዓ መስጊድ በር ላይ ያዙኝ።

«አንተ፣ ቁማር ሐራም መሆኑን ማን ይንገርህ?»

«እኔ እኮ አልቆምርም ጋሼ፤ ጣቴን ብቻ ነው የማሳርፈው።»

«እና ጣትህ ለብቻው ጀሀነም ገብቶ፣ አንተ ደጅ ቆመህ ልትጠብቀው ነው?»

ይህን ለሰው ሁሉ እያወራሁ አሳቅኩበት። እሳቸው ግን ለመሳቅ አልነበረም የተናገሩት።

አንቺ ደግሞ «በጣትዎ ምክንያት የተጎዳ ሰው ያውቃሉ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። «አንድም የለም» አልኩ። ኢልሀም፣ በቀን ሠላሳ ሰው ሲመጣ ጣቴ ሠላሳ ቦታ ያርፋል። አንዱ ላይ መቅናቱ የት ይቀራል? ለቀናው ዮናስ ደወል ይደውላል፣ ከተማው ይሰማል። ለተበላው ደወል የለም። የተበላው በጓሮ በር ይወጣል። ያን በር ዮናስ የሠራው ለእሳት አደጋ አይደለም፤ አንገቱን የደፋ ሰው ከሚገባው ሰው ጋር እንዳይገናኝ ነው። ግድግዳው ላይ ሰዓት የሌለው ተበላሽቶ ነው ያልኩሽም ውሸት ነው። መጀመሪያውኑ አልነበረም። መስኮቱን ቀለም የቀባሁት እኔ ነኝ፣ ፀሐይ መግባቷን ሰው እንዳያይ። ነጻው ቀዝቃዛ ውሃ ቸርነት መሰለሽ? በዚህ ቆላ የትም ቢሄዱ ያን ውሃ አያገኙም። አንቺ ሦስት ቀን የለፋሽበትን ጥናት እኔ በአንድ ሻይ ልነግርሽ እችል ነበር። ግን በየወሩ ደመወዝ ይከፈለኝ ነበር። ይህንንም አልነገርኩሽም።

ከሄድሽ በኋላ የሆነውን ደግሞ አታውቂም። ጣቴን ቀለም ካስነካሁ በኋላ አሻራው መውጣቱን ጎንበስ ብለሽ ስታዪ ዮናስ ፎቶ አንሥቶን ኖሯል። አሳጥቦ አሳድጎ ከወንበሬ በላይ ሰቀለው። ከሥሩ ጽሑፍ አለው። እኔ «እንኳን ደህና መጣችሁ» የሚል ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ከትምህርት መልስ ፊደሎቹ ያለ እኔ ፈቃድ ተያያዙና አነበብኩት፦ «በዩኒቨርሲቲ የተጠና እጅ»።

ላቤ መጣ። ለካ ከአርጎባው ወረዳ እስከ ማጀቴ ሰው የሚጎርፈው ለዚህ ነው። አንቺ ቁማር እንዴት ሰውን እንደሚይዝ ልታጠኚ መጣሽ፤ ዮናስ አንቺኑ ማጥመጃ አደረገሽ።

«ዮናስ፣ በቃኝ፣ ልተወው» አልኩት።

«ተወው፣ በሩ ክፍት ነው» አለኝ ከስልኩ ቀና ሳይል። «አንተ በወጣህ በደቂቃው ግን ‹ነጅሙ በየወሩ ይከፈለው ነበር› ብዬ እለጥፋለሁ። የተበላ ሁሉ ቤትህን ያውቀዋል። የእኔ ቤት ደብረ ብርሃን ነው።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። ማራገቢያው ይዞራል፣ እኔ ላብ በላብ። በማግስቱ የሰጠሽኝን ቅጽ አውጥቼ፣ በራሴ አንብቤ የጨረስኩት የመጀመሪያው ረጅም ዓረፍተ ነገር ይህ ሆነ፦ «ተሳታፊው በማንኛውም ጊዜ፣ ያለ ምንም ቅጣት፣ ራሱን ከጥናቱ ማግለል ይችላል።» እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ለወንበሩ ማን ይጻፍልኝ?

ሱፍዋንን አታውቂውም። የእህቴ የሙሀባ ባል ነው። ቀወት፣ ወንዙ ዳር ሽንኩርት ያለማል። ያለው አንድ የውሃ ሞተር ነበር። በእኛ ፀሐይ ሞተሩ ከቆመ ሽንኩርቱ ሳምንት አይቆይም። አንድ ሐሙስ እየሳቀ መጣ።

«ሞተሩን ለማጀቴ ሰው ሸጥኩት።»

«ምን ነክቶህ?»

«ቅዳሜ ጣትህን ታሳርፍልኛለህ፤ ሰኞ ትልቁን ሞተር እገዛለሁ። ለሙሀባ ሊጠገን ሄዷል ብያታለሁ። አደራ፣ አፍህን ያዝ።»

«ሱፍዋን፣ ጣቴ ምንም የለውም።»

«ዩኒቨርሲቲ አጥንቶታል።»

«ልጅቷ እኮ ቀለሙን ነበር የምታየው!»

«ቀለም ለማየት ያን ሁሉ መንገድ መጣች?»

«እሺ፣ ቅዳሜ ብቀርስ?»

«ፎቶህ አለ አይደል? ዝርዝሩን እዚያ ላይ ለጥፌ፣ ጣትህ የነካውን እይዛለሁ።»

ሳቅኩ። እሱ አልሳቀም።

«ስማኝ እንጂ፣ እኔ አሁን ማንበብ ችያለሁ። ጣቴ ያ ጣት አይደለም።»

«እኔም አውሮፕላን እነዳለሁ» ብሎኝ ሄደ። ዕድሜዬን በሙሉ ስቀልድ ኖሬ፣ አንድ ቀን እውነት ብናገር ማን ይቀበለኛል?

ያኔ አንድ ብልሃት መጣልኝ። በዚያ ቤት የሚታመነው የማያነብ ጣት ነው። የዕለቱን ዝርዝር፣ ማንም ሊሸመድደው የማይችለውን፣ ሰው ሁሉ ፊት ባነብ «ጣቱ ተበላሸ» ይላሉ፤ ሱፍዋንም ገንዘቡን ይዞ ሄዶ ሞተሩን ያስመልሳል። ልብ በይ ኢልሀም፣ ሁለት ቃል ይበቃኝ ነበር፦ «ደመወዝተኛ ነኝ»። ሐሙስ ዕለት በጆሮው ብነግረው ያልቅ ነበር። አልነገርኩትም። አንድም ፈራሁ። ሌላው ደግሞ፣ ለአንቺ ስለማልዋሽ፣ ማንበቤን ላሳይ ጓጉቼ ነው። አንደኛ መውጣቴን ያየልኝ ሰው አልነበረም።

ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ቤቱ ጢም ብሏል። ሱፍዋን ዮናስ በአማርኛ ጽፎ የሚያባዛውን ዝርዝር ጉልበቴ ላይ ዘረጋው። ዓይኔን አልጨፈንኩም። ወንበሩ ላይ ቆምኩና ጮክ ብዬ ማንበብ ጀመርኩ።

«ሸምድዶት ነው!» አለ አንዱ።

«ዛሬ የወጣ ዝርዝር እንዴት ይሸመደዳል?» አለ ከኋላዬ አንገቱን አስግጎ የሚከታተል። «ወላሂ ያነባል!»

አብዛኛውን እንደ ውሃ አወረድኩት። አምስት ቦታ ላይ ብቻ የሩቅ አገር ስሞች ያዙኝ። «ሽ... ሽቱ... ሽቱት...» እያልኩ፣ ግንባሬን እየጠረግኩ፣ አንድ በአንድ ጎትቼ አወጣኋቸው። ስጨርስ ደስ ይላቸዋል ብዬ ነበር፤ አንድ ሽማግሌ ጣቴን ይዘው፣ «ምን ነበረበት ሳትማር ብትቀር?» አሉኝ። ሱፍዋንን ፈለግኩት። ከሰው መሃል በዓይኑ ጠቀሰኝ። ገባው፣ ዳነ አልኩ። ራሴን ነቀነቅኩለትና በፊት ለፊቱ በር ወጣሁ። እስከ መምህርት ፋዲላ ቤት የተራመድኩትን አረማመድ ብታዪ፣ አስፋልቱ በስሜ የተሠራ ነበር የሚመስልሽ።

መግሪብ ሰግጄ ስመለስ ሱፍዋን ደጄ ላይ፣ ከኒም ዛፉ ሥር ቁጭ ብሏል። በእጁ ትኬት ይዟል።

«ምን በድዬህ ነው?» አለኝ።

«ምን አደረግኩህ?»

«የተደናቀፍክባቸውን አምስቱንም በአንድ ትኬት ያዝኳቸው፤ አራቱ ተበሉ።»

አልገባኝም።

«ዮናስ እንዳይነቃ በመንተባተብ እየጠቆምከኝ መስሎኛል እኮ! ጠቀስኩህ፤ አንተም ራስህን ነቀነቅክ።»

ነቅንቄያለሁ። ምን ብዬ ልካድ?

ያኔ ነው ሁለቱን ቃላት ያወጣኋቸው። ደመወዝተኛ ነኝ አልኩት። ጭቃ የነካ ጫማውን እያየ፣ «ሐሙስ ዕለት አፍ አልነበረህም?» አለና ተነሥቶ ሄደ።

ወንበሩን ለቅቄያለሁ። ዮናስ እንደዛተው አልለጠፈብኝም፤ የባሰ አደረገ። ከአምስቱ ስሞች አንዷ ቀንታ ኖሮ፣ እሷን ለብቻዋ ለያዘ ሰው ደወል ደወለ። ከፎቷችን ሥር አሁን «ተምሮም ይቀናዋል» የሚል ተጨምሯል። ሰው ዝርዝር እየያዘ ቤቴ ይመጣል። «አንብብልኝ ጋሼ ነጅሙ፣ ዝም ብለህ አንብብ» ይሉኛል፤ የት እንደምደናቀፍ ምላሴን ይጠብቃሉ። ባነብ ምልክት ነው። ዝም ብል ምልክት ነው። ትናንት አስነጠሰኝ፤ አንዱ ጻፈው። ደመወዝተኛ ነበርኩ ብዬ ገበያ ላይ ጮህኩ፤ «ዮናስ በደንብ ስላልከፈለው ተናዶ ነው» አሉ።

ስለዚህ ይህን እለምንሻለሁ። ለዮናስ ማኅተም ያለው ደብዳቤ ጻፊለት። ፎቶውን ያውርድ። ያጠናነው ጣቱን አይደለም፣ ጣቱም ምንም አልተገኘበትም በይው። የእኔን ቃል የሚሰማ የለም፤ የማኅተም ቃል ይሰማሉ። ጥናትሽም ላይ «አንድም የለም» ያልኩትን ሰርዢና «አለ» ብለሽ ጻፊ። ስሙንም አትደብቂው፤ ሱፍዋን ነው። ሁለተኛው ደግሞ ባጃጁን ሸጦ የጠፋው ሹፌር ነው፤ ባጃጁን እንጂ ስሙን ጠይቄው አላውቅም።

አሁን ማለዳና ማታ በአህያ ውሃ አመላልሳለሁ። ስምንት ጀሪካን፣ ከወንዝ እስከ ሽንኩርቱ። ሱፍዋን አያናግረኝም፤ አያባርረኝምም። ሙሀባ ሞተሩ እስኪጠገን እያገዝኳቸው መስሏት ትመርቀኝ ነበር።

ዛሬ ጠዋት የባሏን ጃኬት ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ትኬቱን አገኘችው። እርሻው ጫፍ ላይ ጠበቀችኝ።

«ወንድምዓለም፣ ተምሬያለሁ ትል የለም? ይህ የሞተሩ የጥገና ወረቀት ነው? አንብብልኝ።»

ሱፍዋን ከወዲያኛው የሽንኩርት መደብ ቀና አለ። የጥገና ወረቀት ነው፣ ማክሰኞ ይደርሳል ብላት ታምነኝ ነበር፤ ከዚህ የከፋ ስንት ውሸት አሳምሬ ነግሬያታለሁ። ወረቀቱን ተቀበልኳት። የቤቱን ስም አነበብኩ። ቀኑን አነበብኩ። አምስቱን ስሞች አንድ በአንድ፣ ከዚያ የተያዘውን ገንዘብ፣ ከዚያ ዮናስ ከታች በእጁ የጻፈበትን «ተበልቷል» የሚለውን። ወላሂ አንድም ቃል ላይ አልተደናቀፍኩም።

ሙሀባ ወረቀቱን ከእጄ ወስዳ አራት ቦታ አጣጠፈችው። ለባሏ ሳይሆን ለእኔ ነው የተናገረችው።

«ደህና ተምረሃል» አለችኝ።

ይህን ወንዙ ዳር፣ አህያዋ እያረፈች ነው የጻፍኩልሽ። ገና ስድስት መደብ ይቀረኛል። አላህ መንገድሽን ያቅናልሽ።

ነጅሙዲን አሊዪ
ቀወት፣ ሚያዝያ