በባዶ እጅ የተለቀመ ሳማ

«እናቴን እንደ ፍየል ቅጠል ታበላታለህ። እጇ እስኪላጥ ሳማ ታስለቅማታለህ። ተምረህ ምን ጠቀምካት? ነሐሴ አጋማሽ ላይ ሒክማ መጥታ ደሴ ትወስዳታለች፤ ቤት ተከራይቻለሁ።»

ረቡዕ የላክሽው ይህ ነው። ቃል አልጨመርኩም፣ አልቀነስኩም። ሰላምታ ስላልነበረው እኔ ልጀምር፦ አሰላሙ ዓለይኩም፣ እህቴ። ጤናሽ እንዴት ነው? ጉልበትሽን ተሻለሽ? የጂዳ ሙቀትስ እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ አለን። ውጫሌ ዝናቡ ገብቷል።

ሳማ የፍየል ቅጠል አይደለም፤ ፍየል አትነካውም። ክረምት ጎተራው ሲጎድል አንቺንም እኔንም ያሳደገን እሱ ነው። አለቃቀሙን ያስተማረችን እማዬ ናት፦ እጅን በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ከጫፉ ለጋ ለጋውን ብቻ። ከዚያ የሚለበልበው እስኪሞት በዱላ ማሸት፣ መቀቀል፣ በባቄላ ዱቄትና በነጭ ሽንኩርት ማማሰል።

አሁን ጨርቁን ረስታዋለች። በባዶ እጇ ትገባበታለች። የአክስታችን ልጅ ሒክማ ፎቶ አንስታ የላከችልሽ ያን እጅ ነው። አይለበልብሽም ወይ ብላት፣ ምኑ ብላ መልሳ ጠየቀችኝ። ጓንት ገዛሁላት። ይሄ የማን እጅ ነው ብላ ወረወረችው።

የምታስለቅሚያት አንቺ ነሽ። ዓርብ ስትደውዪ ድምፅሽን ትሰማለች። ስልኩ ሲዘጋ፣ ልጄ ከትምህርት ቤት እየመጣች ነው፣ ርቧታል ብላ ወደ ፈረሰው በረት ትወጣለች፤ ሳማው እዚያ ነው ያለው። በሩን ቆልፌ ሞክሬያለሁ። በቡጢ ስትደበድበው እጇ ከሳማው የባሰ ተጎዳ። ስለዚህ ከፍቼ ከኋላዋ እሄዳለሁ። ሳልደውል ወረቀት ወደ ጂዳ በሚመለሰው በጎረቤታችን በሙስዓብ እጅ የላኩልሽም ለዚህ ነው።

ለቅማ ስትመለስ ትቀቅላለች። ጨው ወይ ትረሳለች ወይ ትደግማለች። ከዚያ ሳህኑን እኔ ፊት ታስቀምጥና በስምሽ ትጠራኛለች። ኩርፊያሽን ትተሽ ብዪ እንጂ፣ ይቀዘቅዝብሻል ትለኛለች። እበላለሁ። አንቺ ካልበላሽ እሷ አትቀምስም።

ባለፈው ወንድ ልጅሽስ የት ነው ብዬ ጠየቅኳት። እሱማ ዩኒቨርሲቲ ገብቶ በዚያው ቀረ፣ እንኳን አንቺ አለሽልኝ አለች። እሺ አልኳት። ሳህኑን አንስቼ አጠብኩ።

ደሴ ስትደውዪላት ወዴት ልትወጣ ነው? አስፋልት ላይ? ሒክማ ሥራ ስትሄድ የተቀቀለውን ማን ቁጭ ብሎ አንቺን ሆኖ ሊበላላት ነው?

አላህ በሰው አገር ይጠብቅሽ፤ ልፋትሽን ይቁጠርልሽ። ይህን ከልቤ ነው የምለው።

ሁለት ነገር መልሺልኝ። ትመጫለሽ ወይ? ካልመጣሽ ደሴ የሚለውን ትተሽ መደወል ታቆሚያለሽ ወይ? እስከ ነሐሴ አሥር በጽሑፍ ላኪልኝ። ድምፅ እንዳትልኪ፤ እማዬ ከአጠገቤ አትጠፋም።

ወንድምሽ