መኪናሽ ድናለች

ናይሮቢ፣ ሳውዝ ሲ
እሑድ፣ ሰኔ 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለውድ ባለቤቴ ለዓለምፀሐይ፣

ዓለሜ፣ ይህ ደብዳቤ እጅሽ ሲገባ መጀመሪያ የምትይው «ይሄ ሰውዬ ስልክ የለውም እንዴ?» ነው። አለኝ። ግን ስልኩን የምታነሳው ልጃችን ሚዛን ናት። አንቺን የማገኝሽ ድምፁ ለቤቱ ሁሉ ተከፍቶ፣ ባሏ ሰላም ብሎኝ፣ ኤልናታን ስልኩን ሊበላው ሲታገል ነው። በዚያ ሁሉ ጉባኤ መሀል ሰው ለሚስቱ ምን ይላታል? ደህና ነሽ፣ ደህና ነኝ፣ ብርዱ እንዴት ነው ተባብለን እንዘጋለን። ስለዚህ የማኅበራችን ጸሐፊ ታዲዮስ ወንድሙን ሊጠይቅ ወደ እናንተ ከተማ እንደሚሄድ ስሰማ ወረቀት ገዛሁ። ለአንቺ ብቻ እንዲሰጥሽ አደራ ብዬዋለሁ።

እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ምግብ ቤቱም ሰው አላጣም፤ ቀን ቀን ሥራ ያስረሳኛል። ቤት ስገባ የማወራው ከበሩ ዘበኛ፣ ከአስካሪው ጋር ነው፤ እሱም ከእግር ኳስ ሌላ ወሬ አያውቅም። ተሸንፈዋል ሲለኝ አዝናለሁ፣ አሸነፉ ሲለኝ ደስ ይለኛል፤ እነማን እንደሆኑ ግን እስካሁን አላውቅም።

ወደ ዋናው ጉዳዬ ልምጣ። መኪናሽ ድናለች። ይህን ስጽፍልሽ ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ አላለኝም። ለምን እንደሆነ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

በጥር ሚዛን ደውላ «አባዬ፣ የእማዬ የመኖሪያ ወረቀት ስለወጣ እዚሁ ትቆይ፤ መኪናዋም ዝም ብላ ከምትቆም ሽጣት» አለችኝ። አንቺ ከኋላ ሳህን ስታጥቢ ይሰማኛል። ማጠብሽን አላቆምሽም። እኔም ሳላስበው «መኪናዋማ ታማለች፤ የታመመ መኪና ማን ይገዛል? ትታይና እንነጋገራለን» አልኩ። ውሸቴን ነበር። መኪናሽ እስካለች ድረስ አንቺ ሄድሽ እንጂ አልቀረሽም ብዬ ነው የምኖረው። እሷ ከተሸጠች ግን ቀረሽ ማለት ነው። ይኸው፣ እውነቱን ነገርኩሽ።

እግዜር ሲያሳየኝ፣ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ መኪናዋ በእውነት ታመመች። አየር ማረፊያ ስንለያይ «በየቅዳሜው አስነሳት፣ አደራ» ብለሽኝ አልነበር? መንዳት እንደማልችል ታውቂያለሽ፤ ሁለቴ ጀምሬ ሁለቴ ስተው ስንት ቀን ነው የሳቅሽብኝ። ቁልፍ ማዞር ግን አያቅተኝም። በየቅዳሜው ገላዬን ታጥቤ፣ ሸሚዜን ለውጬ እገባና አስነሳታለሁ። አሥር ደቂቃ ቁጭ እላለሁ፤ ከዚያ አጠፋታለሁ። አንድም ቅዳሜ አልዘለልኩም፤ ወባ ይዞኝ እንኳ ብርድ ልብስ ተከናንቤ ወርጃለሁ። ያን ቅዳሜ ታዲያ የሞተር ሥዕል ያለባት ቢጫ መብራት በርታ አልጠፋ አለች። አፌ ነው ያሳመማት ብዬ ደነገጥኩ።

አስካሪው አንድ ፉንዲ፣ የሰፈር መካኒክ፣ ጠራልኝ። ሰውዬው ኮፈኑን ከፈተ፣ የባትሪውን ገመድ ነቀለ፣ አንድ ሲጋራ አጨሰ፣ መልሶ ሰካ። መብራቱ ጠፋ። በጣም ጎበዝ ነው ብዬ ሸኘሁት። በሳምንቱ ሳስነሳት መብራቱ ተመልሶ በራ፤ ፉንዲው ግን ስልኩን አያነሳም።

ሁለተኛው ትልቅ ጋራዥ ነው፤ የራሳቸውን ሾፌር ልከው ወሰዷት። በመስታወት ጀርባ አስቀምጠው ሻይ ሰጡኝ። ሲጨርሱ ቁጥር የሞላበት ወረቀት አምጥተው ሞተሩ መፈታት አለበት፣ ዕቃውም ከውጭ ስለሚመጣ አራት ወር ይፈጃል አሉኝ። ሳትስቂብኝ ስሚኝ፤ ደስ አለኝ። አራት ወር ሙሉ ማንም ሽጣት አይለኝም። ነገር ግን መኪናዋ እኛ ጋ መቆየት አለባት ሲሉኝ ልቤ እሺ አላለም። ማታ ከሥራ ስመለስ ቦታዋን ባዶ ማየት አልችልም። አልፈልግም ብዬ አስመለስኳት፤ በጣም ነው የታዘቡኝ።

ሦስተኛው ሳኒ ነው። ከኢስሊ ቅመም የምታመጣልንን ሂዳያን ታስታውሻታለሽ፤ የእሷ ወንድም ነው፣ የሞያሌ ልጅ፣ ጢሙ ሸበት ያለ ሰው። እቤት ድረስ መጣ። ከመሪው ሥር አንዲት ትንሽ ዕቃ ሰክቶ በስልኩ ማንበብ ጀመረ። እንደ ሌሎቹ ፊቱን አላዞረብኝም፤ እየው ብሎ አሳየኝ። ከዚያ ስልኩን ትቶ ወደ ኪሎ ሜትሩ ቆጣሪ አየና ይቺ መኪና ለመጨረሻ ጊዜ መንገድ የወጣችው መቼ ነው ብሎ ጠየቀኝ። በየቅዳሜው እንደማስነሳት ደረቴን ነፍቼ ነገርኩት። ለስንት ደቂቃ አለኝ፤ ለአሥር አልኩት። ከግቢ ትወጣለች ወይ አለኝ፤ አትወጣም አልኩት።

«ጋሼ አየለ፣ እንግዲህ ያሳመሟት እርስዎ ነዎታ» አለኝ። «አሥር ደቂቃ ተነስቶ የሚጠፋ ሞተር በደንብ ሳይሞቅ ነው የሚጠፋው። ነዳጁ በቅጡ አይቃጠልም፣ ካንዴላው ጥላሸት ይይዛል፣ ባትሪውም ያወጣውን አይተካም። ከነጭራሹ ባይነኳት ይሻላት ነበር።»

አፈርኩ፣ ዓለሜ። ሁለት ዓመት ሙሉ አደራ ጠበቅሁ ብዬ በገዛ እጄ ሳበላሻት ኖሬያለሁ። እኔና አንቺም በየእሑዱ ለአሥር ደቂቃ እንደዋወላለን፤ ሳይሞቅ እንዘጋለን። ይህን ለሳኒ አልነገርኩትም፤ ለአንቺ ግን ልነግርሽ ይገባል።

ሳኒ ሦስት ቀን ተመላለሰ። ካንዴላዎቹን ቀየረ፣ ዘይቱን ለወጠ፣ የቆየውን ነዳጅ ቀድቶ አወጣ፣ አዲስ ባትሪ ገጠመ። ሐሙስ ዕለት አሁን ረጅም መንገድ በፍጥነት መሄድ አለባት ብሎ መሪውን ያዘ፤ እኔም እንደ ድሮዬ ከጎን ተቀመጥኩ። በሳውዘርን ባይፓስ ወጣን። እግሬ ዛሬም ፍሬን በሌለበት ፍሬን ይረግጣል። ሳኒ ጨዋ ነው፤ ማታቱ ሚኒባስ ሲገባበት ዝም ብሎ ያሳልፋል። አንቺ ብትሆኚ መስኮቱን አውርደሽ ልኩን በስዋሂሊ ትነግሪው ነበር፣ ቀጥለሽ ደግሞ እኔን «እግርህን ሰብስብ» ትይኝ ነበር። ቁጣሽ ናፈቀኝ። ናፈቀኝና አለቀስኩ፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ሰው ፊት። ሳኒ ብርዱ ነው መሰለኝ ብሎ መስኮቱን ዘጋልኝ።

ስንመለስ ያችን ዕቃ እንደገና ሰክቶ አየ። አንድም ጥፋት አላገኘም፤ መብራቷም ጠፍታለች። መሸጥ ከፈለጉ ገዢ አለኝ፣ ዛሬ ካሉኝ ዛሬ ይመጣል አለ። መኪናዋ የባለቤቴ ናት አልኩት።

«እሳቸው የት ናቸው?» አለኝ።

«ልጃችንን ልታርስ ካናዳ ሄዳለች።»

«እንኳን ደስ አላችሁ። ሕፃኑ ስንት ወሩ ነው?»

«ባለፈው ወር ሁለት ዓመት ሞላው።»

ሳኒ ጨርቁን አንስቶ የታጠበ እጁን ይጠርግ ጀመር። ከዚያ «ፖሌ፣ ጋሼ» አለኝ። እዚህ አገር ለታመመም፣ ለወደቀም፣ ሰው ለሞተበትም የሚባለውን። እኔ ማንም አልሞተብኝም ልለው ፈልጌ ነበር። አመስግኜ ሸኘሁት።

እንግዲህ ዓለሜ፣ ምክንያቴ አለቀ። ከእንግዲህ ታማለች ብዬ ሚዛንን የማዘገይበት ነገር የለኝም። የባለቤትነት ደብተሯ፣ ሎግቡኩ፣ በስምሽ ነው፤ የስም ዝውውሩንም የምትጀምሪው አንቺ ነሽ። እኔ ከዚህ ልጀምረው አልችልም፤ ብችልም አልጀምረውም። እዚያ መቆየት ብትፈልጊ አልፈርድብሽም። እዚያ ልጅሽ አለች፣ በአንቺ እጅ ያደገ የልጅ ልጅሽ አለ፤ እዚህ ያለው ጉልበቱን የሚያመው አንድ ነጭናጫ ሰው ነው። ግን እስከ ዛሬ አንድ ቀን አልመጣም ብለሽኝ አታውቂም። እመጣለሁም አላልሽኝም። አሁን ራስሽ ንገሪኝ። ክፉም ቢሆን ከአንቺ ልስማው። ብቻዬን መኖሩንስ ለምጄዋለሁ፤ ያቃተኝ ጠብቄ ልኑር ወይስ ተስፋ ልቁረጥ የሚለውን አለማወቁ ነው።

ኤልናታንን ግንባሩን ሳሚልኝ፤ አድጎ ለቁም ነገር ይብቃ። የሚዛንን ትዳር እግዚአብሔር ይጠብቅላት፤ አልተቀየምኳትም፣ ለእናቷ ማሰቧ ነው። አንቺን እመብርሃን ወገብሽን ታጽናልሽ፣ በሰው አገር ቀን ካንቺ ጋር ይሁን።

ከታች ምን ብዬ እንደምፈርም ሲቸግረኝ አመሸሁ። «አየለ» ብቻ ብዬ ጽፌ ነበር፤ ሳየው የሌላ ሰው ስም መሰለኝና ያን ወረቀት ቀደድኩት። እንዲህ አትበል እስክትይኝ ድረስ፣

ባልሽ፣
አየለ