ሱሪዬ ውስጥ የሰፋሁት ቁጥር

ሳያትዬ፣

ወደ ስኺፕሆል አውሮፕላን ማረፊያ የሚሄደው ባቡር እንዳያመልጠኝ እየተጣደፍኩ ነው የምጽፍልሽ። የፕላስቲክ ቆሻሻ ሐሙስ ይወጣል። ከኸመንተ፣ ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ደብዳቤ ከመጣ እኔን ሳትጠብቂ ክፈቺው።

አብረን የያዝነውን የኢጣሊያ ጉዞ ብቻዬን ልሄድ ነው። ስድስት ቀን በእግር፣ ከአንዱ የኮረብታ ከተማ ወደ ሌላው። መሪ የለውም፤ ካርታና ድንጋይ ላይ የተቀባ ምልክት ብቻ። "በእግሬ ለመዝናናት አልሄድም፣ የሰሃራው ይበቃኛል" ስትዪኝ ያልተከራከርኩሽ ስለገባኝ ነው።

እኔም ፈርቻለሁ። ዛሬ ጠዋት ምን ሳደርግ ነበር መሰለሽ? ስልክ ቁጥርሽን ጨርቅ ላይ ጽፌ ሱሪዬ ወገብ ውስጥ ስሰፋ። ልክ እንደዚያን ጊዜ።
አልፈታሁትም።

ያኔ ሰሃራ ላይ መኪናው ተበላሽቶ በእግር ስንሄድ፣ እኔ ወደ ኋላ ቀርቼ ስጠራሽ ሰምተሻል፤ አልተመለስሽም። ብትቆሚ ደላላው አንቺንም ጥሎሽ ይሄድ ነበር። የማላውቀው ሰው ደግፎ አደረሰኝ። አልፈርድብሽም።
ግን አንድም ቀን አላወራነውም።

የማድርባቸው ሆቴሎች ስልክ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። በየቀኑ ከምሽቱ አስራ ሁለት ሰዓት ላይ እደውላለሁ።

ካልደወልኩ ግን፣ አደራሽን፣
አሁን እንኳ ተመለሺልኝ።

ደሃብ