ሊሾው ስር ያለው ቧንቧ

ውድ መልካሙ፣

ሳሮ ነህ? ሰላም ነህ ወይ? እኛ በሕይወት አለን። ይህን ነገር በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ ጀምሬ ኔትወርኩ እየተቆራረጠ፣ ሲሰራም አንተ "እስክመጣ ጠብቂ" እያልክ ስለምትዘጋው፣ ዛሬ ልጆቹ ጎረቤት ሲጫወቱ ወረቀት ይዤ ተቀመጥኩ። ተቀመጥኩ ልበል እንጂ አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፤ ግድግዳውን በመዳፌ ዳብሼ እመለሳለሁ።

አንተ ወደ ግድቡ ሥራ ስትወርድ የልጆቹ ክፍል ግድግዳ ከግርጌው ትንሽ ረጥቦ ነበር። ዝናቡ ነው ብለን ተውነው። በጋው ገብቶም ግን አልደረቀም። ልስኑ እያበጠ ይረግፍ ጀመር፤ የባሮክ ፍራሽ ሻገተ፤ ሳምራን ሳል ያዛት። ሰፈራችን ውስጥ አዲስ የውሃ መስመር ከተዘረጋ ወዲህ ደግሞ ውሃው ሲመጣ በኃይል ነው የሚመጣው። በመጣ ቁጥር ከወለሉ ስር ሽሽሽ የሚል ድምፅ እሰማለሁ። የያዝኩትን ጥዬ እየሮጥኩ ቆጣሪውን አያለሁ። ቤት ውስጥ ያለው ቧንቧ ሁሉ ተዘግቶ እሱ ይዞራል።

ልጆቹን ወደ እኔ አልጋ አዛወርኩና ቧንቧ ሠራተኛውን ዳልጮን ከተበላ ከተማ አስመጣሁ። አባትህ የቀበሩት የብረት ቧንቧ በዝገት ተበልቷል፣ የአሁኑን የውሃ ግፊት አይችልም፣ የወለሉ ሊሾ ተሰብሮ ቧንቧው ካልወጣ ግድግዳው ከሥሩ ይሟሟል አለኝ።

እናትህ ይህን ሲሰሙ ወንበራቸውን አምጥተው ሊቆፈር በታሰበው ቦታ ላይ ተቀመጡ።

"ሻንቆ የቀበረውን ማንም አያወጣውም" አሉ፣ አባትህን በስማቸው ጠርተው፣ በወላይትኛ።

ያንን ሊሾ አባትህ በመጨረሻ ዕድሜያቸው፣ ጉልበታቸው እየከዳቸው፣ በገዛ እጃቸው እንዳለሰለሱት አውቃለሁ። ስለዚህ አልተከራከርኳቸውም። ዳልጮ ዕቃውን ሰብስቦ ሄደ። እናትህ ግን ተመልሶ ይመጣል ብለው ሰጉ መሰለኝ፣ ቀኑን ሙሉ እዚያው ይውሉ ጀመር። ውሃውን ከቆጣሪው ላይ እዘጋለሁ፤ ተራችን ደርሶ በመጣ ቀን ግን ጀሪካን እስክንሞላ መክፈት ግድ ነው። ያኔ ከስር ይፈሳል። እኔ ከጓሮ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ቆጣሪው ስመላለስ እውላለሁ። ሐሳቡ ምግብ አያስበላኝም፣ ጸሎት ቤት ሄጄም ልቤ እቤት ነው።

ግንቦት ላይ፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እያሉ፣ እንሰቱ ጋ ሆኜ ከባድ ነገር ሲወድቅ ሰማሁ። እየሮጥኩ ገባሁ። ግድግዳው ወደ ውስጥ ተንዷል። አቧራው እስኪሰክን እማማን አላየኋቸውም፤ መልካሙ፣ ያን ጊዜ የተሰማኝን ልጽፍልህ አልችልም። ከዚያ አየኋቸው። ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ናቸው፤ ከራሳቸው እስከ እግራቸው አፈር ለብሰዋል፤ የግድግዳው ማገር እግራቸው ስር ወድቋል። ጉልበታቸውን አቅፌ አለቀስኩ። ከነጠላቸው ላይ አፈሩን አራገፉ።

"ፋና፣ ያንን ሰውዬ ጥሪው" አሉኝ በመጨረሻ።

ዳልጮ በዲጂኖ ሊሾውን ሲሰብረው እሳቸው ደጅ ሆነው ፊታቸውን ወደ ዳሞታ ተራራ አዙረው ነበር። ቧንቧው ሲወጣ በእጁ ላይ ተፈረፈረ። ውሃው በአዲስ የፕላስቲክ ቧንቧ በውጭ በኩል ዞሮ አቮካዶው ስር ወጣልን። የጸሎት ቤታችን ሰዎች መጥተው ጭቃ ረግጠው ግድግዳውን መልሰው አቆሙ። አንተን ማንም አልጠየቀም። መጠየቅ እንዳለብን እንኳ ትዝ ያለን ሁሉ ነገር ካለቀ በኋላ ነው።

አሁን ክረምቱም ሊወጣ ነው፤ ቤቱ ደርቋል፤ ሳምራም ማሳሏን ትታለች። የውሃው ድምፅ ሲጠፋ የማርፍ መስሎኝ ነበር። አላረፍኩም። በር በተንኳኳ ቁጥር እደነግጣለሁ። ከእናንተ ዘንድ ሰው መጣ በተባለ ቁጥር መናኸሪያ ድረስ ሄጄ ስላንተ እጠይቃለሁ፤ ሁሉም ደህና ነው ይሉኛል፤ ደህና መሆንህ አይበቃኝም።

እማማ ነጠላቸውን አጥበው አስጥተዋል። ለዘመን መለወጫችን ለጊፋታ ካልመጣህ እኛ ወደ አንተ እንደምንወርድ ለሰፈሩ ሁሉ ነግረዋል፤ እኔም ልጆቹን ይዤ እከተላቸዋለሁ። እዚያ ውሃ ከወንዝ ነው የሚቀዳው ብለህ እንዳታስፈራራኝ። ጀሪካኑን ይዤ እመጣለሁ።

ባለቤትህ ፋና
ሶዶ